የወንዝን ውኃ ስለ መለካትና ሙላቱን አስቀድሞ ስለ ማወቅ

በአዲስ አበባ ወሎ ሰፈር ከሚባለው መንደር አጠገብ፥ በፒኮክ መናፈሻ በኩል የሚያልፈው ወንዝ በጥርና በየካቲት ወር ሰው ድንጋይ እየረገጠ የሚሻገረው፥ ድንጋዩ ከውኃው የሚበዛ ትንሽ ፈሳሽ ነው። ያው ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ግን ባንድ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ዛፍና ድንጋይ እያንከባለለ፥ የዳሩን ግንብ እየገፋ የሚወርድ ደራሽ ይኾናል። መሙላቱ አያስደንቅም፤ ወንዝ በክረምት መሙላቱ ከጥንት የታወቀ ነው። የሚያስደንቀው በወሎ ሰፈር ላይ ፀሐይ እየታየች፥ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ ሳትወርድ ወንዙ ሊሞላ መቻሉ ነው።

ምክንያቱ ውኃው የሚሰበሰብበትን አገር ለተመለከተ ሰው ግልጽ ነው። ቀበና ከእንጦጦ ተራራ፥ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ ይወርዳል። በመንገዱም ግንፍሌና ባንትይቀጡ እየተጨመሩበት፥ የከተማውን መካከል ውኃ ይዞ ወደ ቦሌ ሲደርስ የመሬቱ ከፍታ ወደ 2,300 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። ከዚያ ወዲያ ቡልቡላ ተብሎ ከትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። (ግንፍሌ የሚለው ስም ገነፈለ ከሚለው ቃል ጋር መመሳሰሉን ልብ ይሏል፤ ስም ያወጡለት ሰዎች መለኪያ ሳይኖራቸው ጠባዩን ያወቁት ይመስላል።) እንግዲህ በወሎ ሰፈር ድልድይ ሥር የሚታየው ውኃ ኹሉ ከላይ የተላከ ውኃ ነው፤ የተላከ ነገር ደግሞ በመንገድ የሚቈይበት ጊዜ አለው።

ይህን ጊዜ መቍጠር አስቸጋሪ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ወሎ ሰፈር ወንዙ በጠመዝማዛ መንገዱ 12 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል ቢባል፥ በሙላት ጊዜ በሴኮንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ውኃ ይህን መንገድ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ 3 ሜትር ቢሮጥ ደግሞ 67 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ባንዲት ሰዓት ውስጥ ሽማግሌ ከቤቱ ይወጣል፥ ሕፃናት ከወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ፥ ከብት ከመስኩ ይነዳል፥ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መኪና ይቆማል። ነገር ግን ይህች ሰዓት የምትጠቅመው በላይ ያለው ሰው አይቶ በታች ላለው የነገረ እንደ ኾነ ብቻ ነው። የወንዝ መለካት ሥራ ዋና ጥቅሙ ከዚህ ላይ ነው፤ በመዝገብ ተጽፎ በመዝገብ የቀረ ቍጥር ማንንም ከውኃ አላዳነም።

የላይኛው አገር ዝናም በታችኛው አገር የሚያደርሰውን ጥፋት ድሬዳዋ አይታዋለች። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። በሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ከከተማው በስተደቡብ ባለው ደጋ ላይ የጣለው ኃይለኛ ዝናም በሌሊት ወደ ከተማው ወርዶ፥ ተኝቶ የነበረውን ሕዝብ በቤቱ እንዳለ ያዘው። የሞቱት ሰዎች ከ250 አያንሱም፤ ከቤታቸው የተፈናቀሉትም በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ነበሩ። በዚያው ክረምት፥ ሳምንት ያህል እንዳለፈ፥ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ከዳሩ ወጥቶ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ በፎገራ ሜዳም የርብና የጉማራ ውኃ ብዙ ቤትና ሰብል ሸፈነ። አዲስ አበባም ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ በነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በጣለው ዝናም የተነሣው ጎርፍ በከተማይቱ 7 ሰዎች ገድሏል።

ከድሬዳዋ መከራ በኋላ የደቻቱን ዳር በግንብ ማጠር ተሠርቷል፤ ይህም መልካም ሥራ ነው። ኾኖም ግንብ ብቻውን የሚያሳስት ጠባይ አለው። ሰው ግንቡን አይቶ ይታመንና ቤቱን ወደ ወንዙ ያስጠጋል፤ ግንቡ የተሠራለት ልክ በታለፈ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ያለ ግንብ ከሚደርሰው የበረታ ይኾናል። ስለዚህ ግንብ በተሠራበት ስፍራ ኹሉ ውኃው ከግንቡ አፍ ስንት ክንድ እንደ ቀረው የሚመለከት ሰው አብሮ ሊሾም ይገባል።

የከተማ ወንዝ ከገጠር ወንዝ ይልቅ ድንገተኛ የሚኾንበትን ምክንያት ባለ ይዞታዎች በቀላል ሒሳብ ሊረዱት ይችላሉ። ባንድ ጋሻ መሬት፥ ማለት በ40 ሄክታር ላይ፥ 10 ሚሊሜትር ዝናም ቢጥል የወረደው ውኃ 4,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 400 ቦቴ ይሞላል። መሬቱ ሣርና ዛፍ ያለበት እንደ ኾነ አብዛኛውን ይጠጣዋል፤ የቀረውንም ሣሩ እያዘገየ ይለቀዋል። ያው መሬት በቆርቆሮና በአስፋልት የተሸፈነ እንደ ኾነ ግን የሚጠጣ የለም፤ ዝናሙ በግማሽ ሰዓት የጣለ ቢኾን፥ ካንዲት ጋሻ ብቻ በሴኮንድ ከ2 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውኃ ወደ ወንዙ ይገባል። ከሰሜን እስከ ቦሌ ስንት ጋሻ ጣራና መንገድ እንዳለ አንባቢው ራሱ ይገምት። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚጥለው 1,200 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ግማሹ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ መውረዱ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ መሬቱ ጠግቦ ሳለ ሌላ ይጨመርበታልና።

መለኪያው ራሱ ርካሽና ቀላል ነገር ነው። በሴንቲሜትር ተከፋፍሎ ቍጥር የተጻፈበት የብረት ወይም የእንጨት ሰሌዳ በድልድይ እግር ላይ ወይም በዳሩ ዐለት ላይ ቀጥ ብሎ ይተከላል። ስፍራው ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት እንጂ የሚጠመዘዝበት መኾን የለበትም፤ ሁለት ወንዝ ከሚገናኝበትም ራቅ ይበል፥ ያንዱ ሙላት የሌላውን ውኃ ወደ ኋላ እየገፋ ቍጥሩን ያሳስታልና። የሰሌዳው ዜሮ በበጋ ከሚታየው ዝቅተኛ ውኃ በታች ይኹን። ደግሞም ከፍታው ጎርፍ ከማይደርስበት ጽኑ ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ምልክት ጋር ይመዛዘን፤ ጎርፍ ሰሌዳውን የወሰደው እንደ ኾነ አዲሱ በዚያው ልክ ይተከላል። ይህ ምልክት ከሌለ የ10 ዓመት መዝገብ ባንድ ሌሊት ዋጋ ያጣል፤ የኋለኛው 1 ሜትርና የፊተኛው 1 ሜትር አንድ መኾናቸውን የሚያረጋግጥ የለምና።

ውኃን በዘንግ መለካት ለዚህ አህጉር እንግዳ ነገር አይደለም። በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ በ861 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር የተሠራው መለኪያ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የግብፅ ሹማምንት በየክረምቱ ዓምዱን እያዩ የዓመቱን ግብር ይወስኑ ነበር፤ ውኃው 16 ክንድ የደረሰ እንደ ኾነ ጥጋብ፥ ከዚያ ያነሰ እንደ ኾነ ረኃብ ይጠበቃል። በዓምዱ ላይ ይወጣ የነበረው የክረምት ውኃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በአባይ የወረደ ነበረ። የላከው አገር ሳይለካው የተቀበለው አገር ሺሕ ዓመት ሲለካው መኖሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። በፓሪስ ከተማ ደግሞ በአልማ ድልድይ እግር ላይ የቆመ የወታደር ሐውልት አለ፤ ሕዝቡ የሴንን ወንዝ ሙላት በዚህ ሐውልት አካል ይናገራል። በ1910 በአውሮፓ አቈጣጠር በኾነው ታላቅ ሙላት ውኃው ከትከሻው ደርሶ ነበር፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ የሚያነበው መለኪያ ማለት ይህ ነው።

ባገራችን እንደ ተለመደው መለኪያ ጠባቂው ሰሌዳውን በቀን ሁለት ጊዜ፥ በጠዋቱ 12 ሰዓትና በማታው 12 ሰዓት ያነባል። ጠባቂው ቤቱ ከወንዙ አጠገብ የኾነ፥ ቍጥር የሚያውቅና ደመወዙ ሳይቋረጥ የሚደርሰው ሰው ይኹን። የመጨረሻው ነገር ከፊተኞቹ ይልቅ ይከብዳል። ደመወዙ ሦስት ወር የዘገየበት ጠባቂ በዝናም ወደ ወንዝ አይወርድም፤ በቤቱ ተቀምጦ ይጽፋል። የእንዲህ ያለው መዝገብ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በነሐሴ ወር ሠላሳውን ቀን አንድ ዓይነት ቍጥር፥ ወይም በየቀኑ በእኩል ልክ የሚወጣና የሚወርድ ቍጥር የተጻፈበት መዝገብ ወንዝ ያላየ መዝገብ ነው። መርማሪው ሹም ይህን ሲያይ አስቀድሞ የደመወዙን መዝገብ ይመርምር፤ ከዚያም ጠባቂውን ይጠይቅ። ያልተነበበ ቀን ባዶ ሆኖ እንዲተው ጠባቂዎች በግልጽ ሊታዘዙ ይገባል። ባዶ ስፍራ መሐንዲሱን አያሳስተውም፥ የሐሰት ቍጥር ግን ድልድይ ያፈርሳል።

የውኃው ከፍታ ብቻውን ስንት ውኃ እንዳለፈ አይናገርም። ለዚህ ከፍታውንና የሚያልፈውን ውኃ ማመዛዘን ያስፈልጋል። በመሣሪያ የሚለኩ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ የወረዳ ሹም ራሱ ሊያደርገው የሚችል መንገድ አለ። ወንዙ ቀጥ ባለበት 20 ሜትር ለክቶ በሁለቱ ጫፍ ገመድ ይዘርጋ፤ ከላይኛው ገመድ ትንሽ ከፍ አድርጎ ብርቱካን ይጣል፥ ከገመድ እስከ ገመድ ለመድረስ የፈጀውንም ሴኮንድ ይቍጠር። ብርቱካን የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ከውኃው ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ እንደ ቅጠል ስለማይነዳው ነው። ለምሳሌ ወርዱ 8 ሜትር፥ ማዕከለኛ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር በኾነ ወንዝ ብርቱካኑ 20 ሜትሩን በ25 ሴኮንድ ቢጨርስ የላዩ ውኃ ፍጥነት በሴኮንድ 0.8 ሜትር ነው። የላዩ ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 ሲባዛ 0.68 ይኾናል፤ ይህም በ4 ካሬ ሜትር ሲባዛ በሴኮንድ 2.72 ሜትር ኩብ፥ ባንድ ቀንና ሌሊት 235,000 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ አለፈ ማለት ነው። ይህ ሥራ በልዩ ልዩ ከፍታ እየተደጋገመ ሲጻፍ ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ማንበብ ብቻ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ከፍታው እጥፍ ሲኾን ውኃው እጥፍ ብቻ የሚኾን መምሰሉ ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱም ይጨምራልና፥ ሰፊ በኾነ ወንዝ ጥልቀቱ እጥፍ ሲኾን የሚያልፈው ውኃ ሦስት እጥፍ ያህል ይደርሳል። ከትልቅ ጎርፍም በኋላ የወንዙ ወለል ስለሚለወጥ፥ ያንዱ ስፍራ ስለሚቦረቦርና ሌላው በደለል ስለሚሞላ፥ ማመዛዘኑ እንደ ገና መደረግ አለበት።

በቀን ሁለት ጊዜ ማንበብ ለአዋሽ ወይም ለአባይ ይበቃ ይኾናል፤ እነዚህ ሰፊ አገር የሚሰበስቡ ወንዞች ሲሞሉም ሲጎድሉም ቀን ይፈጃሉ። ለቀበና ግን አይበቃም። በ8 ሰዓት የተነሣ ደራሽ በ10 ሰዓት አልፎ ይሄዳል፤ በማታው 12 ሰዓት የመጣው ጠባቂ እንደ ጠዋቱ ያለ ውኃ አይቶ እውነተኛውን ቍጥር ይጽፋል፥ መዝገቡም ያን ቀን ምንም እንዳልኾነ ይመሰክራል። ስለዚህ ከተራራ የሚወርዱ አጫጭር ወንዞች ባሉበት ኹሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናም በጣለ ጊዜ በየሩብ ሰዓቱ ማንበብ ያስፈልጋል። በራሱ የሚጽፍና በስልክ መሥመር ቍጥሩን የሚልክ መሣሪያ በተገኘበት ስፍራ ደግሞ ሥራው ይቀልላል፤ ነገር ግን መሣሪያው በጎርፍ እንጨትና በደለል እንዳይደፈን የሚጠርገው ሰው ያው ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ስንት ሲደርስ ማስጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። ይህን ቍጥር ከሩቅ ያለ መሥሪያ ቤት ሊያውቀው አይችልም፤ የወንዝ ዳር ሰዎች ያውቁታል። ውኃ መጀመሪያ የሚገባው ከማን ቤት እንደ ኾነ፥ በዚያም ሰዓት በድልድዩ ላይ ከየት ደርሶ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ተጠይቀው በሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም ይሠመር። ከቀዩ መሥመር አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ መሥመር ይሠመር፤ መልእክት የሚላከው ውኃው ከዚህ ሲደርስ እንጂ ከቀዩ ሲደርስ አይደለም። መልእክቱም አጭር ይኹን፤ የስፍራው ስም፥ ሰዓቱ፥ ከፍታው፥ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መኾኑ ብቻ ይነገር። የላይኛው ቀበሌ ሹም የታችኛውን ቀበሌ ሹም የስልክ ቍጥር ከክረምት በፊት ይዞ መገኘት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያውከው ወንዙ ያንዱን ግዛት ለቆ ከሌላው ግዛት መግባቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ውኃ ከአዲስ አበባ ወሰን ወጥቶ ከኦሮሚያ መሬት ይደርሳል፥ ደብዳቤ በማዕርግ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ ግን ውኃው አይጠብቅም። ስለዚህ በሙላት ጊዜ ጎረቤት ሹማምንት አለቃ ሳያስፈቅዱ በቀጥታ እንዲነጋገሩ አስቀድሞ ፈቃድ ይሰጣቸው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የዝናም ትንበያ የዝግጅቱን ቀን ይነግራል፤ የወንዙ ሰሌዳ ሰዓቱን ይነግራል፤ አንዱ በሌላው ፈንታ አይቆምም።

ግድብ ባለበት ወንዝ ነገሩ ይረቅቃል። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ያሉት የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ከትልቁ አቃቂ ራስጌ፥ የገፈርሳ ግድብ ደግሞ ከትንሹ አቃቂ ራስጌ ተሠርተው ለከተማው የመጠጥ ውኃ ይይዛሉ። ግድብ ጠባቂው ሁለት ጌታ አለው። በጋውን ኹሉ ውኃ የሚጠብቀው ከተማ ግድቡ እስከ አፉ እንዲሞላ ይሻል፤ በታች የሚኖረው የአቃቂ ሕዝብ ግን ለድንገተኛ ዝናም ስፍራ እንዲተውለት ይሻል። ሁለቱንም ማስማማት የሚቻለው ወደ ግድቡ የሚገባው ውኃ በየሰዓቱ ሲለካ ነው። የሚገባውን የሚያውቅ ጠባቂ ቀስ እያለ አስቀድሞ ይለቃል፤ የማያውቀው ግን ግድቡ ሲሞላ ኹሉን ባንድ ጊዜ ለመልቀቅ ይገደዳል። የከተማው ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ግድቦቹ በሞሉ ጊዜ በወንዙ ዳር ያሉ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ማስታወቂያ ማውጣቱ የሚመሰገን ነው፤ ማስታወቂያው ከነሰዓቱና ከነውኃው ልክ ቢወጣ ደግሞ ይበልጥ ይረዳ ነበር።

ስለ ደለልም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአቃቂ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ፥ ኃይሉ 6.6 ሜጋዋት የነበረው፥ ባገሪቱ ካሉት ቀደምት ጣቢያዎች አንዱ ነው። ብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ተከፍቷል። በዚያ ዘመን ኹሉ ግን ሐይቁ የከተማውን አፈርና ጉድፍ ሲቀበል ኖሯል። ከፍታ የሚያነብ ጠባቂ በሙላት ቀን አንድ ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ አዝቅጦ ቢያስቀምጥ፥ ከየትኛው ወንዝ ስንት አፈር እንደሚወርድ ያለ ብዙ ወጪ ይታወቃል።

የበጋው መለካት እንደ ክረምቱ የሚያስፈራ ስላልኾነ ብዙ ሰው ይተወዋል፤ የመስኖ ጠብ የሚነሣው ግን በበጋ ነው። በወሎና በሸዋ በብዙ መንደር የውኃ አባት የሚባል ሽማግሌ ተመርጦ ለየባለ ይዞታው ተራ ያካፍላል፤ ይህ ሥርዓት ያለ ፍርድ ቤት ስንት ደም አድኗል። የውኃ አባቱ ሰሌዳ ቢኖረው ፍርዱ ይጸናል። በየካቲት በሴኮንድ 100 ሊትር የሚወርድበት ወንዝ ቢኖር፥ ላንድ ሄክታር አትክልት በሴኮንድ 1 ሊትር ያህል ይገመታልና፥ በታች ላሉት ሰዎችና ለከብቶች 30 ሊትር ተትቶ 70 ሄክታር ያህል ሊለማ ይችላል። ይህ ሳይታወቅ 150 ሄክታር የታረሰ እንደ ኾነ ግን በመጋቢት እኩሌታው ይደርቃል፥ እኩሌታውም ይጣላል። በአቃቂ ዳር አትክልት የሚተክሉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ አለባቸው፤ ውኃው ባነሰ ጊዜ የከተማው ቆሻሻና የፋብሪካው ፍሳሽ እንደ ክረምቱ ስለማይቀጥን፥ ዝቅ ያለ ቍጥር በሰሌዳው ላይ ማለት የከፋ ውኃ ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎሜትር ያህል የወንዝ ዳር እንዲለማ ታቅዶ፥ ብዙ ስፍራ በድንጋይ ተገንብቶ መናፈሻ ኾኗል። አዲስ በተገነባው ዳር ላይ ሰሌዳ ማቆም ከፈረሰ ዳር ይልቅ ይቀልላልና ጊዜው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። ክረምቱ እንዳበቃ፥ በመስከረም መጀመሪያ፥ የዓመቱ ትልቅ ሙላት የደረሰበት የጭቃ መሥመር በግንብና በዛፍ ላይ ገና ይታያል፤ ጥቅምት ሳይገባ ግን ይጠፋል። ሹሙ ከሽማግሌዎች ጋር ወርዶ ያን መሥመር በድልድዩ እግርና በጽኑ ግንብ ላይ በመሮ ያስቀርጸው፤ ከጎኑም ዓመተ ምሕረቱን፥ ቀኑንና ሰዓቱን ያስጽፍ።